ማንም የማይጠራቸው ሃያ ሦስት ስሞች

«ሱቅ ውስጥ ዓመት ሙሉ እጅ ያልነካው ዕቃ ምን ይባላል?» አለ ከማል፣ ጠረጴዛዬን በጣቱ እየመታ።

«ያልተነካ ዕቃ ይባላል» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ።

«የሞተ ዕቃ ነው የሚባለው፣ ጋሽ ዳንጊሶ። ቦታ ይዞ የሚኖር። አባቴ በዓመት አንድ ጊዜ መደርደሪያውን ያራግፍ ነበር።»

«አባትህ ሲያራግፉ አንድ በአንድ እያነሡ ነው ወይስ መደርደሪያውን ገልብጠው?»

ሳቅኩ። ከማል ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ከማን ጋር ነሽ?»

«ከአንተ ጋር» አልኩት። «ሃያ ሦስቱም ይነቀሉ። የመፈተሻው ፕሮግራም ራሱ ማንም አይጠራቸውም ብሏል።»

«መፈተሻው ማንን ጠይቆ ነው?» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ።

«ኮዱን።»

«እንግዲህ ኮዱ የሚያውቀውን ነግሮታል።» ጃኬታቸውን ከወንበሩ ላይ አነሡ። «እኔ ነገ ጠዋት ወረዳ እወጣለሁ። ሐሙስ እመለሳለሁ። እስከዚያ መንቀል ካማራችሁ አንዱን ንቀሉ። አንዱን ብቻ።»

ይህ ክርክር የተካሄደው መሃል ከተማ፣ ከአንድ ጫማ መደብር በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ከማል የድርጅቱ ባለቤት ነበር፤ ከነጋዴ ቤተሰብ የወጣ፣ ኮምፒውተር ተምሮ የተመለሰ፣ ነገሩን ሁሉ ግን አሁንም በመደርደሪያ የሚያስብ ሰው። ጋሽ ዳንጊሶ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ከስልክ መስመር ሥራ ወደ ፕሮግራም ሥራ የተሻገሩ ባለሙያ ናቸው። እኔ ትዕግሥት እባላለሁ። ስሙ እንደማይስማማኝ እናቴም ታምናለች።

አሁን ያንን ሥራ ለቅቄያለሁ። በጡረታ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። አንድ ማተሚያ ቤት በእርማት ሥራ ገብቼ የሰው መጽሐፍ አነባለሁ፣ ትርፍ ቃል አወጣለሁ፣ በተረፈኝ ጊዜ የራሴን ግጥም እጽፋለሁ። የሥራ ዘመናቸውን የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ጸጉራቸው የነጣ ሰዎች እንደሆኑ አውቃለሁ። የእኔ ሥራ ግን ካልተጻፈ የሚታይ አይደለም። ድልድይ የሠራ ሰው ልጁን ይዞ ሄዶ ድልድዩን ያሳያል። እኔ ስሠራ የኖርኩት ማውጣት ነው። የወጣን ነገር ለማን ያሳዩታል?

ኮምፒውተር የተማርኩት በራሴ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ታቦር ሰፈር ካለው ቤታችን በእግሬ እየወረድኩ አንድ የኢንተርኔትና የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ ተቀጠርኩ። የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፤ ደንበኛ በሌለ ሰዓት ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ ያገኘሁትን ገጽ ሁሉ በፍላሽ እየያዝኩ አነባለሁ። የተበላሹ ወረቀቶች ነበሩ ደብተሮቼ። በአንዱ ላይ ግጥም፣ በአንዱ ላይ ኮድ። ሁለቱንም ማንም አላረመልኝም፤ ስለዚህ ሁለቱንም የምችል ይመስለኝ ነበር።

ከማል አንድ ቀን ለጨረታ የሚያስገባውን ሰነድ ሊያስተይብ መጣ። ጨርሼ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው።

«እዚህ ጋ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረች። የት ሄደች?»

«ሁለት ጊዜ ተጽፋ ነበር። አንዷን አወጣኋት።»

«ማን አውጪ አለሽ?»

«ማንም።»

ተቆጣ ብዬ ስጠብቅ «ሌላስ ምን ትችያለሽ?» አለኝ። በፍላሽ የያዝኩትን አሳየሁት። በሳምንቱ ከጫማ መደብሩ በላይ ወንበር ነበረኝ። ደመወዙ ከሱቁ የተሻለ፣ ውሉ አንድ ገጽ ነበር። ስለ ደመወዝና ስለ ውል ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ስለ ጋሽ ዳንጊሶ ግን አለኝ።

ወንበራቸው በሩ አጠገብ ነው። ያ በር ወለሉን ይፍቅ ነበር፤ ለመዝጋት እጀታውን ይዞ ከፍ ማድረግ ይጠይቃል። እሳቸው ዘግተውት አያውቁም። የሚሠሩትን ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እየተናገሩ ነው የሚሠሩት፦ «አሁን የቀጠሮውን ገጽ ልነካ ነው። የሚጠቀምበት ሰው አለ?» ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን። ጫማ ሻጮቹ ከታች ሆነው «የለም ጋሼ፣ ይንኩ!» ብለው ይመልሱላቸዋል። እኔን ሲያስቁኝ ነበር የኖሩት። «በር ዘግቶ የሚነቅል ሰው» ይላሉ ጋሽ ዳንጊሶ ሳይስቁ፣ «ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሊሳሳት ነው።»

ከስልክ ሥራቸው ያመጡት ደብተርም ነበራቸው፤ ሽፋኑ በፕላስተር የተጠገነ። በፕሮግራሙ ውስጥ ለገባው እያንዳንዱ ፓኬጅ አንድ መስመር አለው። ፓኬጅ የምንለው ሌላ ሰው ጽፎ ለዓለም የለቀቀውን ኮድ ነው፤ እኛ እንደ አዲስ ከመጻፍ አምጥተን ፕሮግራማችን ውስጥ እናስገባዋለን። በዚያ ዘመን በከተማው ሁሉም ነገር ፓኬጅ ነበር፤ የጤናው ፓኬጅ፣ የግብርናው ፓኬጅ። እናቴ «ፓኬጅ ነው የምሠራው» ስላት ወረዳ የተቀጠርኩ መስሏት ነበር። የጋሽ ዳንጊሶ ደብተር አራት ዓምድ ነበረው፦ ስሙ፣ ማን አመጣው፣ ለምን አመጣው፣ ማን ይጠራዋል። አራተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ሰዎች ይነቅላሉ። እሳቸው ሁለተኛውና ሦስተኛው እስኪሞሉ ይጠብቃሉ።

አንድ ጊዜ ምክንያቱን ጠየቅኳቸው። ወጣት ሳሉ ጥቅም ላይ ያልዋሉ የስልክ መስመሮችን እንዲቆርጡ ዝርዝር ይሰጣቸው ነበር። ከመቁረጣቸው በፊት ሳምንት ይጠብቃሉ፤ ልማዳቸው ነው እንጂ ትእዛዝ አልነበረም። ወደ አንድ የገጠር ጤና ኬላ የሚሄድ መስመር ለወራት ድምፅ አልተሰማበትም። በስድስተኛው ቀን አንድ ሰው ምጥ ለያዛት ሴት መኪና ጠራበት።

«ያልተደወለበት መስመር ሁሉ የሞተ አይደለም» አሉኝ። «አንዳንዱ አንድ ቀን ነው የሚጠብቀው።»

ጥሩ ስንኝ ነው ብዬ ወረቀቴ ላይ ጻፍኩት። ስንኝ ብቻ መሰለኝ።

የድርጅቱ ትልቁ ሥራ የአንድ ሆስፒታል የካርድና የቀጠሮ ፕሮግራም ነበር፤ በኢንተርኔት ማሰሻ የሚከፈት። የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። እኔን ከማል ሆስፒታሉ ውስጥ መደበኝ። ካርድ ክፍል ከወይዘሮ አስቴር አጠገብ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ አስቴር የክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ሰልፈኛውን በሦስት ቋንቋ የሚገሥጹ፣ በእሑድ መዘምራን ውስጥ የሚዘምሩ።

«ይሄ ገጽሽ እስኪከፈት» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን፣ «ማቴዎስ ምዕራፍ አንድን በቃሌ እላለሁ። አብርሃም ይስሐቅን ወለደ ብዬ ስጀምር ይዞራል። ዮሴፍ ጋ ስደርስ ይከፈታል።»

እውነታቸውን ነበር። ሰልፉ ከካርድ ክፍሉ በር ተነሥቶ እስከ ግቢው ዛፍ ይደርሳል። ቆሜ መዘንኩት፤ ገጹ በተከፈተ ቁጥር በሆስፒታሉ ቀጭን የኢንተርኔት መስመር ላይ ስንት የማይረባ ነገር ተሸክሞ እንደሚመጣ አየሁ። ልጁ አንድ ነገር ባማረው ቁጥር አንድ ፓኬጅ እያመጣ፣ የሞከረውን ሳይመልስ ሄዷል።

ወይዘሮ አስቴር ቀን ቆረጡ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልፈጠነ ወደ መዝገቤ እመለሳለሁ። መዝገብ መብራት አይፈልግም።»

መፈተሻውን ያስነሣሁት ያኔ ነው። በኮዱ ውስጥ ማንም የማይጠራቸው ሃያ ሦስት ስሞችን አወጣልኝ። ከማልም ጠረጴዛዬን እየመታ ስለ አባቱ መደርደሪያ ሲናገር የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋሽ ዳንጊሶ ወረዳ በሄዱ ማግስት መብራት ጠፋ። የጫማ መደብሩ ጄኔሬተሩን ደረጃው ሥር አስነሣ፤ ጭሱና ጩኸቱ ወደ ላይ ወጣ። ተነሣሁና እጀታውን ይዤ፣ ከፍ አድርጌ፣ በሩን ዘጋሁት። ከዚያ ተቀምጬ ሃያ ሦስቱን ነቀልኳቸው። ፕሮግራሙን እንደገና ገነባሁት፤ ተነሣ። የሙከራ ዝርዝሩን አስኬድኩ፤ ሁሉም አለፈ። እያንዳንዱን ገጽ በእጄ ከፍቼ አየሁ። ንጹሕ ነበር። የረጅም ግጥም ግማሹን ቆርጦ ሲያበቃ የሚሰማ ስሜት አለ፤ እሱ ተሰማኝ።

በማግስቱ ወይዘሮ አስቴር የካርድ ቁጥር አስገቡ፣ ከንፈራቸውን ለማቴዎስ አዘጋጁ። ገጹ ተከፈተ።

«አብርሃም ሳያገባ» አሉ።

ከማል ከተማችን ሐይቅ ዳር ወስዶ ዓሣ ጋበዘን። ጋሽ ዳንጊሶ ሐሙስ ሲመለሱ የነገርኳቸው በኩራት ነው። ደብተራቸውን አውጥተው ሃያ ሦስቱንም ስም አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ማን አመጣው? ለምን አመጣው? ስምንቱ ላይ «አላውቅም» አልኩ።

«እንግዲያው ስምንቱን መልሻቸው።»

«ጋሽ ዳንጊሶ፣ ሁሉም ነገር እየሠራ ነው እኮ!»

«ዛሬ እየሠራ ነው። ዛሬ ጥር ነው።»

ከማል ደንበኛው ደስ ብሎት ሳለ ምንም ነገር እንዳይነካ አለ። እኔም ከእሱ ጋር ሆንኩ። በየወሩ መጀመሪያ ጋሽ ዳንጊሶ ሲገቡ «ይኸው የካቲትም ሆነ» እላቸዋለሁ፤ «ይኸው መጋቢትም ሆነ።» ፈገግ ይላሉ። እስከ ነሐሴ ቀለድኩባቸው።

ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜ ስድስት ቀን የምትሆንበት ዓመት።

የመስከረም አንድ ጠዋት ቤት ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ አስቴር ናቸው። «ትዕግሥት፣ በዓልሽን ትተሽ ነይ። በሩ ላይ ሰው ቆሟል» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ለጋሽ ዳንጊሶ ደወልኩ፤ በባጃጅ ደረስኩ።

ተመላላሽ ክፍሉ በበዓል ዝግ ነው። በሩ ፊት ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል፤ እያንዳንዱ የቀጠሮ ወረቀት ይዟል። ወረቀቶቹን እየተቀበልኩ አነበብኩ። መስከረም አንድ። መስከረም አንድ። መስከረም አንድ። ሁሉም የታተሙት ከእኛ ፕሮግራም ነው።

በጳጉሜ መምጣት የነበረባቸው ሰዎች ነበሩ። ስድስቱንም ቀን ተመላላሽ ክፍሉ ጭር ብሎ ሰንብቷል፤ ሐኪሞቹ ሰው ለበዓል ቀርቷል ብለው አሰቡ። ካርድ ክፍል ያሉት ደግሞ ወረቀቱ መስከረም አንድ ሲል ሐኪሞቹ በበዓሉም ሊሠሩ ነው ብለው አሰቡ። ሁሉም ፕሮግራሙን አምኗል።

ፊት ለፊት አንድ ሰውዬ ልጁን ጀርባው ላይ አዝሎ ቆሟል። ከበንሳ ወረዳ ነው የመጡት። ልጅቷ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ በጀሶ ታስሯል። በጀሶውና በቆዳዋ መካከል ቀጭን እንጨት አስገብታ ታካለች። ሰውዬው በሲዳምኛ ተናገረ፤ ጋሽ ዳንጊሶ ደርሰው ነበርና ወደ እኔ ዞረው አማርኛውን ነገሩኝ።

«ሐኪሙ በቃሉ ሦስት ሳምንት አለኝ ይላል። እሱም ቆጥሯል። ሦስት ሳምንቱ የሞላው በጳጉሜ ነው። ወረቀቱ ግን መስከረም አለ። እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ ወረቀቱን አመንኩ ይላል።»

ጋሽ ዳንጊሶ ወደ ደረጃው ወጡና በሁለቱም ቋንቋ፣ በዚያው ሥራ ላይ በሚናገሩበት ድምፅ ተናገሩ፦ «ቀናችሁን ያሳሳተው እኛ የሠራነው ፕሮግራም ነው። ሐኪሞቹ አይደሉም፣ ካርድ ክፍሉም አይደለም። እኔና እቺ ልጅ ነን። ስማችሁን እንጽፋለን።» ደብተራቸውን ገለጡ። ወይዘሮ አስቴር ተረኛ ሐኪሙን ፍለጋ ሄዱ።

የልጅቷ ጀሶ በድንገተኛ ክፍል ተፈታ። ከሥሩ ያለው ቆዳ በመታከክ ቆስሎ ነበር። የግፊት መድኃኒታቸው ካለቀ አምስት ቀን የሆናቸው አንዲት እናት ነበሩ፤ እሳቸውም ታዩ። ለሌሎቹ አዲስ ቀን በእጃችን ጽፈን ሰጠን። እኛ ሳንደርስ ተስፋ ቆርጠው የተመለሱም ነበሩ። እነሱን ወይዘሮ አስቴር በየቀበሌው እያስጠሩ ብዙዎቹን አገኙ። ሁሉንም አላገኙም። ይህን ዐረፍተ ነገር ላወጣው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ አይወጣም።

ከማል የበዓል ልብሱን እንደለበሰ መጣ። «ጥፋቱ ይሄን ኮድ የጻፈው ልጅ ነው» አለ።

«የሰቀለው እሱ ነው» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ። «የነቀልነው እኛ ነን።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጁ የቀን ስሌቱን ሲጽፍ አሥራ ሁለት ወር ብቻ አስቦ ነው የጻፈው። የመጀመሪያዋ ጳጉሜ ስትመጣ ፕሮግራሙ ወደቀበት። በጥድፊያ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰላ ፓኬጅ አመጣ፤ ስሙን ኮዱ ውስጥ ሳይሆን የፕሮግራሙ ቅንብር ለብቻው የሚቀመጥበት ሰንጠረዥ ውስጥ ጻፈው። ፕሮግራሙ ቀኑ ከነሐሴ ሠላሳ ሲያልፍ ብቻ ስሙን ከዚያ አንብቦ ይጠራዋል። መፈተሻው ኮዱን ነው የጠየቀው፤ ሰንጠረዡን አልጠየቀም። ፓኬጁ ሲታጣ ደግሞ ፕሮግራሙ አልጮኸም፤ ዝም ብሎ ቀጥሎ ወዳለው ወር መጀመሪያ ያሻግራል። እኔም ሁሉንም ገጽ የሞከርኩት በጥር ነው። በአገሬ አሥራ ሦስት ወር እንዳለ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስዘምር የኖርኩ ሰው አሥራ ሦስተኛውን ሳልሞክር አለፈ አልኩ።

ከበዓሉ በኋላ ጋሽ ዳንጊሶ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ትፈልጊያለሽ፣ ትጠይቂያለሽ፣ ትጽፊያለሽ። የምነቅለው እኔ ነኝ» አሉ። ይህን ያሉት በሩ ክፍት ሆኖ ነው፤ ከታች ጫማ ሻጮቹ ሰምተዋል።

እጄን ነው የወሰዱብኝ። ያለ እሱ ተራ ጸሐፊ ነኝ። መልቀቂያዬን በቃሌ ደረደርኩት፤ ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ። ግን ወረቀት ላይ ላሰፍረው በተቀመጥኩ ቁጥር «ወረቀቱን አመንኩ» የሚለው ይቀድመኛል። የዚያን ሰውዬ ዕዳ ሳልከፍል ትቼ መሄድ አልሆነልኝም። እጄን ሠርቼ አስመልሳለሁ አልኩ።

ሃያ ሦስቱንም መለስናቸው። ገጹም ወደ ቀድሞ ዝግታው ተመለሰ። ወይዘሮ አስቴር ማቴዎስን እንደገና ጀመሩ፤ መዝገቡን ግን አላነሡም። «በበዓል ቀን መጥታችሁ ደረጃ ላይ ቆማችኋል፤ እታገሣለሁ» አሉ።

ከዚያ ከአንዱ ጀመርኩ። አንድ ፓኬጅ፣ አንድ ሳምንት። ስሙን በኮዱ ውስጥ እፈልጋለሁ፤ ቀጥሎ በቅንብሩ፣ በሰንጠረዦቹ፣ ፕሮግራሙ ቃላት ቀጣጥሎ ስም በሚሠራበት ቦታ ሁሉ። ሌላ ፓኬጅ ተደግፎት እንደሆነ አያለሁ። የለውጥ መዝገቡን ወደ ኋላ እየገለጥኩ ማን መቼ እንዳመጣው አነባለሁ። አዲስ አበባ ለሄደው ልጅ ደወልኩለት፤ መጀመሪያ ፈራኝ፣ ኋላ ስለ እያንዳንዱ ማስታወስ ያስደስተው ጀመር። ኮምፒውተሬ ላይ የቀረ አሮጌ ቅጂ እንዳያታልለኝ ሁሉንም አጥፍቼ ከባዶ እገነባለሁ። የሙከራ ኮምፒውተሩን ሰዓት እያዞርኩ አሥራ ሦስቱንም ወር አሳልፋለሁ። ከዚያ በሩ ክፍት ሆኖ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፦ «ይሄን ልንነቅል ነው። የሚጠቀምበት አለ?» «የለም እታለም፣ ንቀይ!» ይላሉ ከታች። ጋሽ ዳንጊሶ ይነሣሉ፣ ከኋላዬ ቆመው አራተኛውን ዓምድ ያያሉ፣ «ማን ይጠራዋል?» ይላሉ። «ማንም።» እጃቸውን በትከሻዬ ላይ አሳልፈው ቁልፉን ራሳቸው ይጫናሉ።

በዚህ መንገድ ስንሄድ ከሃያ ሦስቱ አራቱ በሕይወት ተገኙ። አንደኛው የጳጉሜው ነው። ሌላው ሰኔ መጨረሻ፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ብቻ የሚታተም ሪፖርት ላይ ይሠራ ነበር። አንዱን ሌላ ፓኬጅ ተደግፎታል። አራተኛውን ያገኘሁት በእግሬ ነው። ለአሮጌ ማሰሻዎች የገባ ፓኬጅ ነበር፤ ያ ማሰሻ አሁን የለም ተብሎ በሁሉም ቦታ ተጽፏል። ሆስፒታሉን ክፍል በክፍል ዞርኩ። በእናቶች ክፍል ጥግ ላይ፣ በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አገኘሁ።

«ይሄ ይሠራል?» አልኳት ነርሷን።

«የክትባት ቀጠሮ የምንሰጠው በምን ይመስልሻል?» አለችኝ።

በደብተሩ ላይ «የእናቶች ክፍል፣ ጥልፍ የለበሰው» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ዳንጊሶ አንብበው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው ሲስቁ ሰማኋቸው። ቁልፉን ግን አሁንም እሳቸው ናቸው የሚጫኑት።

አሥራ ዘጠኙ ወጡ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም የተሳሳተ ወረቀት ይዞ በር ላይ አልቆመም። ገጹ እንደገና ፈጠነ፤ ሰልፉ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ገባ። ዛፉ ሥር የቀረው ጥላ ብቻ ነው። ያንን ባዶ ቦታ ምሳ ሰዓት ላይ ሄጄ እያየሁ እቆም ነበር። ድልድዬ እሱ ነው።

ከቀሩት አራቱ ያሳሰበኝ የጳጉሜው ፓኬጅ ነበር። እሱን አልነካም ብዬ ነበር፤ ግን ፓኬጁን የጻፈው ሰው ማደሱን ተወው፣ ያረጀ ነገር ደግሞ አብሮት ሌላውን ያስረጃል። ስለዚህ የቀኑን ስሌት ከሥሩ ራሴ ጻፍኩት፤ አሥራ ሦስቱንም ወር፣ አምስት የሆነችውንም ስድስት የሆነችውንም ጳጉሜ። ፓኬጁን ወዲያው አላወጣሁትም። ድንገት አንድ ሰው ከጠራው ቀኑንና ሰዓቱን የሚመዘግብ አንድ መስመር አጠገቡ ተከልኩና ጠበቅኩ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። በዚያ ዓመት በየወሩ መጀመሪያ «ይኸው ይህም ሆነ» የሚሉኝ ጋሽ ዳንጊሶ ነበሩ። ጳጉሜ መጣች፣ አለፈች። መዝገቡ ባዶ ነው። በጳጉሜ የተቀጠሩት ሰዎች ሁሉ በጳጉሜ መጥተው ታክመው ሄዱ።

ማተሚያ ቤቱ የተቀበለኝ በዚያው ሰሞን ነው። ለከማል ነገርኩት። «ቃል ልትነቅይ ነው?» አለ። «አንድ በአንድ እያነሣሽ እንግዲህ።» ለመሰነባበቻ ጫማ ሰጠኝ፤ ከታች ካለው መደብር፣ ዓመት ሙሉ ያልተሸጠ። ልኬ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ከማል ደንበኛ ጋር ወጥቶ እኔና ጋሽ ዳንጊሶ ብቻ ነን። ደብተሩን ከፍቼ ስሙን አሳየኋቸው። ከኋላዬ መጥተው ቆሙ፤ እጃቸው በትከሻዬ በኩል እስኪያልፍ ጠበቅኩ።

«ማን አመጣው?»

«አዲስ አበባ የሄደው ልጅ።»

«ለምን?»

«ጳጉሜ መጥታበት።»

«ማን ይጠራዋል?»

«ማንም።»

«በጳጉሜስ?»

«በጳጉሜም ማንም አልጠራውም። ዓመት ጠብቄያለሁ።»

«ስድስተኛዋስ? ያቺ ገና አልመጣችም።»

«ሰዓቱን ወደ ፊት አዙሬ አሳልፌያታለሁ። ሦስት ዘመነ ሉቃስ።»

«የእናቶች ክፍልስ፣ ጥልፍ የለበሰው?»

«ጠዋት እዚያ ነበርኩ። ጨርቁን ገልጬ ሞከርኩት።»

እጃቸው አልመጣም። ዘወር ስል ጃኬታቸውን ከወንበሩ ላይ እያነሡ ነው።

«ጋሽ ዳንጊሶ፣ አልነቀልነውም እኮ።»

«አንቺ አለሽ አይደል?» አሉ። «እኔ ሻይ ልጠጣ ወርጃለሁ።»

ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ወደ በሩ ሄዱ። ወጡ። ከዚያ እጀታውን ይዘው፣ ከፍ አድርገው፣ በሩን ዘጉት።